የጣሊያን ቀዳዳ

ጠመንጃ ሲከሽፍ የሚያሰማው ድምፅ «ቀጭ» ነው። ሌላ የለውም። የቁም ሣጥን በር እንኳ ሲዘጋ ከዚያ የተሻለ ይጮኻል። ያን ዕለት ግን ሠርገኛው በሙሉ ጆሮውን ይዞ፣ ሙሽራው በበቅሎው ላይ እንዳለ፣ ሴቶቹም እልልታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርሰው ተኩሱን በሚጠብቁበት ሰዓት ስለሆነ፣ «ቀጭ» ያለችው ከመድፍ አልፋ ተሰማች።

ጠመንጃውን የያዘው አጎቴ ነው፤ እኛ ጋሼ እንለዋለን። ወሩ ጥር፣ አገሩ ቢቸና፣ ሠርጉ የአክስቴ ልጅ ነው። ጋሼ በጋቢው ላይ ዝናሩን ታጥቆ፣ ሦስት እርምጃ ወደፊት ሁለት እርምጃ ወደኋላ እያለ «ዘራፍ!» አለ። የአባቱን ስም፣ የአባቱን ፈረስ ስም፣ አባቱ የገደለውን ሰው አገር ቆጥሮ ሲያበቃ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሣ። ቀጭ። ጥይቱን አውጥቶ ሌላ አጎረሰ። ቀጭ። (የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ ግማሽ ደቂቃ ያህል ታግሠው ነው የሚያወጡት። ጋሼ አልታገሠም። ያ ሁሉ ዓይን እያየው ግማሽ ደቂቃ የሚታገሥ ሰው እኔም አላውቅም።) በሦስተኛው ላይ አንድ ሕፃን ሳቀ። ይሄኔ አዝማሪው ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ ሳቁን ሸፈነለት። ጋሼ እስከ ዛሬ ያንን አዝማሪ ባገኘው ቁጥር ብር ያስጨብጠዋል፤ ስለምን እንደሆነ ግን ሁለቱም አንሥተውት አያውቁም።

እኛ ከተሜዎች «ከሸፈ» የምትለዋን ቃል ከጠመንጃ ላይ ነቅለን ለሁሉ ነገር አድርገናታል። ስብሰባው ከሸፈ፣ ዕቅዱ ከሸፈ፣ የልጅቱ ጋብቻ ከሸፈ እንላለን። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ብለው የመጽሐፍ ርዕስ ካደረጓትማ ወዲህ ምሁራኑም ወስደዋታል። ቃሏን በገዛ አገሯ ላይ፣ ባሩድና እርሳስ ባለበት፣ ስትነገር የሰማኋት ያን ዕለት ነው። «የእገሌ ጠመንጃ ከሸፈ» ሲባል ከሠርጉ ቤት እስከ ወንዙ ማዶ ለመድረስ የወሰደባት ጊዜ፣ ጥይቱ ቢተኮስ ኖሮ ድምፁ ከሚወስድበት ብዙም አይበልጥም።

ጠመንጃው የአያቴ ነው። ሞዘር ነው፣ የጀርመን ሥራ። አያቴ ከየት እንዳመጣው ሦስት ታሪክ አለ፤ ሦስቱም እንደ ጠላው ዓይነት ይለያያሉ። በጠላት ዘመን በእጁ እንደነበረ ግን ሁሉም ይስማማል። ከበላይ ዘለቀ ጋር ዘምቶበታልም ይባላል። እርግጥ ነው፣ ቢቸና ውስጥ ከበላይ ዘለቀ ጋር ያልዘመተ አያት ፈልጋችሁ አምጡ ብትባሉ ብዙ ቀን ትደክማላችሁ።

የጠመንጃው ክብር ግን በዚያ ብቻ አይደለም። ሰደፉ ላይ ቀዳዳ አለ። ከግራ ገብቶ በቀኝ የሚወጣ፣ ዳርና ዳሩ በብረት የተለበደ፣ የሕፃን ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ። ጣሊያን የተኮሰበት ነው። አያቴ ሰደፉን ጉንጩ ላይ አስደግፎ ሲያልም ጥይት መጣ፤ አያቴን ሳትነካው እንጨቱን በስታ አለፈች። በኋላ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ብልኅ ብረት ሠሪ በሁለቱም በኩል አለበሰው። ይህን ታሪክ በየፋሲካው ሰምቼዋለሁ። ከተረቱ በኋላ የቤቱ ልጆች ተሰልፈን ጣታችንን እንከትታለን። ጋሼ ደግሞ «ጣትህ አልገባ ሲል ያኔ ወንድ ሆነሃል፤ ጠመንጃውን ትነካለህ» ይለናል። እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ትንሿ ጣቴ ትገባ ነበር።

ከሠርጉ ማግስት ቤቱ የሐኪም ቤት ወረፋ መሰለ። መጣ የተባለው ሁሉ ጠመንጃውን ተቀብሎ፣ አገላብጦ፣ በአፈሙዙ አሻግሮ ዓይቶ በሽታውን ይነግረናል። አንዱ ጥይቱ አርጅቷል አለ። አንዱ ዓይን ነው አለ፤ ከሙሽሪት ወገን የመጣችውን ሴትዮ ስም እስከመጥራት ደረሰ። አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ጠመንጃው የጋሼን ድምፅ ስላልለመደ ነው አሉ። ጋሼ መፎከር ከጀመረ ሠላሳ ዓመቱ ነው።

ሦስቱን የከሸፉ ጥይቶች ከኪሱ አውጥቶ መሶቡ አጠገብ የደረደራቸው የጋሼ ሚስት፣ የእትዬ፣ ወንድም ነው። የቀለሁ ቂጥ መሐል ላይ አንዲት ክብ ነገር አለች፤ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ ትመስላለች። ስትመታ እሳት የምትተፋው እሷ ናት፤ ባሩዱን የምታቀጣጥለውም እሷው። ደህና ጠመንጃ ሲመታት ጎድጎድ ያለች ጠባሳ ይጥልባታል። ጥይቷ ተጎድጉዳም ካልተኮሰች ጥፋቱ የጥይቷ ነው። የእኛዎቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተን አየን። ጠባሳ የላቸውም። ዶሮ ነክታ የተወቻት የምትመስል ጭረት ብቻ፣ እሷም ጠርዝ ላይ።

«መርፌው ነው» አለ የእትዬ ወንድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ዓይነት ጠመንጃ እጀታውን ወደላይ አንሥተው፣ ወደኋላ ስበው፣ ወደፊት ገፍተው፣ ወደታች የሚዘጉት መቀባበያ አለው። ዓይን የሚያየው ያንን ነው። በመቀባበያው ሆድ ውስጥ ግን ረጅም የብረት መርፌ ተጋድሟል፤ ሞላ ተጠምጥሞበታል። ቃታው ሲሳብ ሞላው መርፌውን ወደፊት ይወረውረዋል፤ የመርፌው ጫፍ በጠባብ ቀዳዳ ብቅ ብሎ ያቺን ቁልፍ ይወጋታል። ብቅ የሚለው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ካጠረ ይከሽፋል፤ ከረዘመ ደግሞ ቁልፏን በስቶ እሳቱን ወደ ተኳሹ ፊት ይመልሰዋል። በዚያ ላይ ዝናር፣ ፉከራ፣ አያት፣ ፈረስ ተጭኖበታል።

እትዬ ይህን ስትሰማ ከጓዳ ብቅ አለች። የስፌት መኪና አላት፤ የሰፈሩን ቀሚስ ሁሉ የምትሰፋው እሷ ናት።

«መርፌ? ይህን ሁሉ ዘመን በመርፌ ኖሯል የምትፎክረው?» አለችው። «ለእኔ ብትነግረኝ ደርዘን አለኝ።»

ጋሼ ለሁለት ቀን ምሳውን ውጭ በላ።

እትዬ በነገሩ ቀልዳ ነው እንጂ ከታሪክ አልራቀችም። መቀባበያ ያለው ጠመንጃ ሲጀመር የመርፌ ጠመንጃ ነበር። የፕሩሲያው ድራይዘ የሠራው፣ ጦሩም እ.ኤ.አ. በ1841 የተቀበለው መሣሪያ ስሙም ያው የመርፌ ጠመንጃ ነው። መርፌው እውነተኛ መርፌ ነበር፤ ቀጭንና ረጅም። ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ስለሆነ ወረቀቱንም ባሩዱንም በስቶ ውስጥ ድረስ መግባት ነበረበት። በእሳት መሐል የቆመ መርፌ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው እትዬን ጠይቁ። ይሰበራል። ስለዚህ ወታደሩ ትርፍ መርፌ ይዞ ይዘምት ነበር፤ ሲሰበርበት እዚያው ጦር ሜዳ ላይ ይለውጠዋል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1866 ሻስፖ የሚባለውን ያንኑ የመርፌ ዘር አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ ግራ የሚባል መኮንን ለነሐስ ቀለህ እንዲሆን አድርጎ አሻሻለው። የእኛ ሰው «ፉዚል ግራ» የሚለውን ፈረንሳይኛ በአፉ አሽቶ «ውጅግራ» ያደረገው ይህንን ነው። ዓድዋ የዘመተው ውጅግራ እንግዲህ የመርፌ ጠመንጃ የልጅ ልጅ ነው። ይህን ለጋሼ ነግሬው ነበር። «ዓድዋን በመርፌ ነው ያሸነፍነው ልትለኝ ነው?» ብሎ ዓይኑን ሲያፈጥብኝ ትምህርቱን እዚያው ላይ አቆምኩት።

መጀመሪያ ጠመንጃው የሄደው ወደ ብረት ሠሪው ነው። ብረት ሠሪው ማረሻና ማጭድ ሲሠራ የሚስተካከለው የለም። መርፌውን ዓይቶ «ይቺማ ምን አላት» አለ። ከወፍራም ምስማር ቀጥቅጦ፣ በሞረድ አስተካክሎ አወጣት። ሦስት ጥይት ተኮሰች። በአራተኛው ላይ ጫፏ እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጦ ቀረ። ለሁለተኛው መርፌ ብረቱን አግሎ ውሃ አጠጣው፤ ደህና አድርጎ ነው ያጠጣው፤ መሬት ላይ ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ ለሁለት ተሰበረ። ውሃ የጠጣ ብረት ደግሞ መልሶ በልኩ ለዘብ መደረግ እንዳለበት ብረት ሠሪውም ያውቃል። የማጭድን ልክ ነው እንጂ የመርፌን ልክ ማን ይነግረዋል?

ከዚያ ስልክ ወደ እኔ ተደወለ። «አዲስ አበባ የሌለ ነገር የለም፤ መርካቶ ሂድና መርፌ ግዛ።»

ሄድኩ። ምናለሽ ተራ ውስጥ የማይሸጥ ብረት ካለ ገና ያልቀለጠው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አንዱን ባለሱቅ ጠጋ ብዬ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «መርፌ አለህ?» አልኩት።

እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምን መርፌ?»

«ረዘም ያለ። ሞላ ያለው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሐኪም ቤት ፈላጊ መሰልኩት መሰል «ወንድሜ፣ እሱ ፋርማሲ ነው» አለኝ። አይደለም፣ የመኪና ነው አልኩት፤ ለምን የመኪና እንዳልኩም አላውቅም። «ሲንገር ነው ቢራቢሮ?» አለኝ፤ የስፌት መኪና መስሎታል። እኔም ግንባሬ ላቡ ሲወርድ ተሰማኝ። የጠመንጃ ዕቃ በገበያ መሐል ሲጠይቅ የተገኘ ሰው ምን እንደሚባል ያሰብኩት ያኔ ነው። ስለፈራሁም፣ ስላፈርኩም፣ የሲንገር መርፌ አንድ ፓኮ ገዝቼ ወጣሁ። እትዬ እስከ ዛሬ ትሰፋበታለች። ከዚህ ሁሉ ጉድ የተጠቀመች እሷ ብቻ ናት።

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ባለቶርኖ ሊሠራው ይችላል ተብሎ ጋሼና እኔ አብረን ተጓዝን። ባለቶርኖው ጨዋ ሰው ነው። ፈቃዱን ዓይቶ፣ ጠመንጃውን ዓይቶ፣ «ብረቱን እቆርጠዋለሁ፤ ግን ይህን እኔ ፈትቼ ብገጥም ኃላፊነት ነው» አለና ጡረታ የወጡ አንድ ሃምሳ አለቃ ጋ ላከን። በድሮው ጦር ውስጥ ዕድሜያቸውን የመሣሪያ ጥገና ላይ የፈጁ ሰው ናቸው።

ሃምሳ አለቃ በረንዳቸው ላይ ጠረጴዛ አላቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ሞርሳ ታስሯል። ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ ሞረዱ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ጋሼ ሞርሳዋን ሲያይ ፊቱ ከበደ። እኔ ደግሞ የታየኝ ሌላ ነገር ነው፦ አያቴ ጣሊያንን ከአገር አስወጣ፤ ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ ሞርሳውና ሞላው ግን ስማቸውን ይዘው ቀሩ። ያለ ጣሊያን ቋንቋ ጣሊያንን ያባረረውን ጠመንጃ መጠገን አይቻልም።

ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ ያደረጉት መቀባበያውን ከፍተው ባዶ መሆኑን ማየት ነው። ካዩ በኋላ ጣታቸውን ከተው ዳሰሱ። ከዳሰሱ በኋላ እንደገና አዩ። «ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃ ነው ሰው የሚገድለው» አሉና ብረት ሠሪው የሠራትን ስባሪ ተቀበሉን። ወደ ብርሃን አንሥተው ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘመ።

«ይህን የሠራው ትከሻውን ምን አደረገው?»

የምን ትከሻ?

የ98ቱ ሞዘር፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው፣ መርፌው ወደ ጫፉ ግድም ትከሻ አለው። መቀባበያው በደንብ ካልተዘጋ ትከሻው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ይያዛል፤ መርፌው ጥይቱ ጋ አይደርስም። ጥይቱ በሩ ሳይዘጋ እንዳይፈነዳ ነው። ብረት ሠሪያችን ትከሻውን ዓይቶ «እብጠት ነው» ብሎ በሞረድ አስተካክሎት ኖሯል። «ሦስት ጊዜ ተኩሳችሁበት ዓይናችሁ በቦታው አለ?» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ የጋሼን ዓይን ደግሞ የእውነት አዩት።

ከአሮጌ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደህና መርፌ አወጡ። የሞተ ሞዘር ነበር፤ እሳቸው ዘንድ ብልቱ ብቻ ቀርቷል። አሁን መፍታቱ ነው። መቀባበያውን ስበው ሞላውን ወጠሩ። ከኋላ ያለችውን ክንፍ የመሰለች መቆለፊያ ቀጥ አድርገው አቆሟት፤ መርፌው ተወጥሮ እንዲቆይ። በግራ በኩል ያለችውን መያዣ ወደ ውጭ ጎትተው መቀባበያውን መዝዘው አወጡ። ትንሿን ቁልፍ ጫን፣ ከኋላ ያለውን ኮፍያ እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞር፣ ዞር፣ ዞር፤ አሮጌው መርፌ ከነሞላው፣ ከነኮፍያው፣ ከነጅራቱ እጃቸው ላይ ወጣ።

ጋሼ ዕውቀት ለማሳየት ቸኮለ። «አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ጫፉን የደጃፉ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ነበር ወደታች የሚጫነው። እኔም እንዲያ ነው የማደርገው።»

ሃምሳ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባትህም አንተም ናችኋ የሰበራችሁት! ድንጋይ ላይ! እዚህ ቀዳዳ እያለልህ?»

«የቱ ቀዳዳ?»

ሃምሳ አለቃ ጠመንጃውን አጋደሙት። የመርፌውን ጫፍ ያዙና፣ ሰደፉ ላይ ካለው በብረት ከተለበደው ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት።

ልክ ነው። ጎጆው የተሠራለት ያህል ልክ ነው።

ኮፍያውን በሁለት እጃቸው ወደታች ተጫኑት፤ ሞላው ተኮማተረ። ጅራቱን ሩብ ዙር አዞሩት፤ ወለቀ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ሞላውን ለቀቁት። «ፋብሪካው ለዚህ ነው የበሳው» አሉ አቧራውን እፍ እያሉ። «ወታደሩ መርፌውን ያለ መሣሪያ እንዲፈታበት። ጀርመን ሞኝ አይደለም፤ መፍቻውን ሰደፉ ላይ ነው የሠራልህ።»

ጋሼን ላየው አልደፈርኩም። ጓሮው ውስጥ የነበረችውን ዶሮ አየሁ። ዶሮዋ ወዲያ ሄደች፤ ግድግዳውን አየሁ። ሃምሳ አለቃ ምን እንዳፈረሱ አያውቁም፤ አዲሱን መርፌ በዘይት ጨርቅ እየወለወሉ ስለ ጡረታቸው ያወራሉ። የሰደፉን ቀዳዳ ታሪክ እግዜር ይስጣቸውና አልጠየቁም። ጋሼም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተረከም።

የፈቱትን በመጣበት መንገድ መልሰው ገጠሙ። የመርፌውን ብቅታ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ለኩ፤ ሌላ መለኪያ ሲይዙ አላየሁም። አረሩና ባሩዱ የወጣለት ባዶ ቀለህ አጉርሰው፣ አፈሙዙን ወደ አሸዋ ክምር አዙረው ቃታውን ሳቡ። ጧ! የቡሽ ድምፅ ነው። ግን ከቀጭ ይሻላል። ቀለሁን አውጥተው አሳዩን፤ ቁልፏ መሐል ላይ ክብ፣ ጎድጓዳ፣ ያማረ ጠባሳ ተቀምጧል። ጋሼ ቀለሁን ለምኖ ኪሱ ከተተው።

ወደ ቢቸና ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ በጉልበቱ መሐል አቁሞት ነበር። እጁ በጋቢው ሥር ይንቀሳቀሳል። ጣቱ ቀዳዳው ላይ እንደሆነ ገባኝ። ደጀን እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ደጀን ላይ «ሃምሳ አለቃው ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «በጠላት ዘመን አልተወለዱም» አለና መልሶ ዝም አለ።

ለፋሲካ እኔም አገር ቤት ወረድኩ። ከምሳ በኋላ ጠመንጃው ከግድግዳው ወረደ፤ የቤቱ ልጆችም እንደ ወጉ ተሰለፉ። እትዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ነግሬአት ነበር። ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አባቴ ሰደፉን ጉንጩ ላይ አስደግፎ ሲያልም፣ ጣሊያኑ ተኮሰ» አለ። «ጥይቷ መጣች፣ መጣች፣ መጣች። ልክ ጀርመን አስቀድሞ በበሳው ቀዳዳ ገብታ በዚያኛው በኩል ወጣች። እንጨቱን እንኳ አልነካችውም!»

የእትዬ መኪና ቆመ። ከልጆቹ ትንሹ ቀዳዳውን ዓይቶ፣ ጋሼን ዓይቶ፣ «ጀርመኑ ጣሊያን እዚያ ላይ እንደሚተኩስ እንዴት አወቀ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጀርመን ነዋ!» አለ ጋሼ። «በል ጣትህን አስገባ።»